የራጅ ክፍል ልምምድ ለማን ይጠቅማል?

የሕክምና ተማሪዎች ወደ ትምህርታቸው መጨረሻ ሲቃረቡ፣ በግዴታ ከሚዘዋወሩባቸው የሆስፒታል ክፍሎች ሌላ ራሳቸው መርጠው ጥቂት ሳምንት የሚሠሩበት ልምምድ በብዙ አገር ይሰጣቸዋል። ይህንንም ኤሌክቲቭ ይሉታል። አንዱ ቀዶ ሕክምናን፣ ሌላው የልብ ሕክምናን፣ ሌላው የሕፃናትን ክፍል ይመርጣል። ከመካከላቸው አንዱ «እኔስ ራዲዮሎጂን መርጫለሁ» ያለ እንደ ሆነ ግን ጓደኞቹ ፈገግ ይላሉ። የራጅ ክፍል ልምምድ ሌሊት ተረኛ የማይሆኑበት፣ ደም የማይነኩበት፣ ብርሃኑ በደበዘዘ ክፍል ተቀምጠው የሚያርፉበት ወር ነው የሚል ወሬ ከአገር አገር የታወቀ ነውና። ቁም ነገረኞቹ ደግሞ «ራዲዮሎጂስት ለመሆን ካላሰብህ ምን ያደርግልሃል?» ብለው ይጠይቁታል።

የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች በዚህ ነገር ምን አገባችሁ የሚለን አንባቢ አይጠፋም። የሚያገባን በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ነገ ታመን ወይም እናት አባታችንን ይዘን በሐኪም ፊት የምንቀመጠው እኛው ነን። ሁለተኛ፣ የራጅ ክፍል ሥራ ከሞላ ጎደል የንባብ ሥራ ነው፤ ስለ ንባብ ደግሞ ጥቂት መናገር ከፋኩልቲያችን ሥራ የወጣ አይመስለንም። የምንለውም ይህ ነው፤ የራጅ ክፍል ልምምድ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ራዲዮሎጂስት ለማይሆነው ተማሪ ነው።

አስቀድመን የነገሩን አመጣጥ እናስታውስ። ጀርመናዊው ሊቅ ቪልሄልም ሮንትገን ያን የማይታይ ጨረር በቩርትስቡርግ ከተማ ያገኘው በአውሮፓ አቆጣጠር ኖቬምበር 8 ቀን 1895 ነው። በእኛ አቆጣጠር 1888 ዓ.ም. ገና መግባቱ ነበር። ከዚያ በኋላ አራት ወር ሳይሞላ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ የዐድዋ ጦርነት ሆነ። በኢትዮጵያ ዘመቻ ቆስለው ወደ አገራቸው ከተመለሱት የኢጣልያ ወታደሮች መካከል የሁለቱን ክንድ ሌተና ኮሎኔል ጁዜፔ አልቫሮ የተባለው ሐኪም በናፖሊ ወታደራዊ ሆስፒታል በዚሁ በ1896 በሜይ ወር ራጅ አነሣ፤ የሚፈልገውም በሥጋቸው ውስጥ የቀረውን ጥይት ነበር። ለጦር ቁስለኛ ራጅ ሲነሣ ይህ የመጀመሪያው እንደ ሆነ የሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። «ራጅ» የምንለውም ቃል ራሱ ጨረሮች ለማለት ኢጣልያኖች «ራጂ» ከሚሉት የመጣ ነው። ሮንትገን በ1901 የመጀመሪያውን የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ከዚያ ወዲህ መሣሪያው በዝቷል። በድምፅ ሞገድ የሚሠራው አልትራሳውንድ መጣ፤ ሰውነትን በስስ በስሱ ቆርጦ እንደሚያሳይ ያለው ሲቲ ስካን የመጀመሪያውን በሽተኛ በለንደን ኦክቶበር 1 ቀን 1971 አነሣ፤ በማግኔት የሚሠራው ኤም.አር.አይ.ም ተከተለ። ይሁን እንጂ ሥዕሉ ምንም ያህል ቢጠራ ራሱ አይናገርም። የሚያነበው ሰው ያስፈልጋል፤ ከሚያነበውም በፊት ይነሣ ብሎ የሚያዝዝ ሰው ያስፈልጋል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ በተለይ ይህ ሁለተኛው ሰው ነው።

አሁን ልምምዱ ምን እንደሚመስል እንመልከት። ለምሳሌ በአሜሪካ የሕክምና ትምህርት በተለምዶ 4 ዓመት ነው። በሦስተኛው ዓመት ግድም ተማሪው በውስጥ ደዌ፣ በቀዶ ሕክምና፣ በሕፃናት፣ በማሕፀንና ፅንስ፣ በአእምሮ ሕክምና ክፍሎች በግዴታ ይዘዋወራል፤ በአራተኛው ዓመት የምርጫው ጊዜ ይመጣል። ራዲዮሎጂ በብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ራሱን የቻለ የግዴታ ልምምድ ስላልሆነ፣ ተማሪው መርጦ ካልገባ በቀር ራዲዮሎጂስት ሲሠራ ሳያይ ሊመረቅ ይችላል። የመረጠው ግን 2 ወይም 4 ሳምንት ያህል ይቆያል። ጠዋት ከማንበቢያው ክፍል ገብቶ ስፔሻሊስት ለመሆን ከሚማረው ሐኪም አጠገብ ይቀመጣል። ያ ሐኪም ሥዕሉን አንብቦ ሐሳቡን ይናገራል፤ ከዚያ አስተማሪው ይመጣና የተባለውን ያጸናል ወይም ያርማል። ተማሪው አንድ ሳምንት የደረት፣ ሌላ ሳምንት የአጥንት፣ ከዚያም የራስና የሆድ ሥዕል ሲነበብ ይሰማል፤ አልትራሳውንድ ሲደረግ፣ በሥዕል እየተመሩ መርፌ ሲያስገቡ ያያል። በመጨረሻም አንድ የበሽተኛ ታሪክ መርጦ በጉባኤ ፊት ያስረዳል።

ከዚህ ሁሉ የሚተርፈው ዕውቀት ምንድን ነው ቢሉ፣ ሦስት ነገር ነው።

የመጀመሪያው በሥርዓት ማየት ነው። ተራ ራጅ አምስት መልክ ብቻ ያውቃል፤ አየር ጥቁር ነው፣ ስብ ከእርሱ ጥቂት ይነጣል፣ ውኃና ሥጋ ግራጫ ናቸው፣ አጥንት ነጭ ነው፣ ብረት ከሁሉ ይነጣል። ፊደሉ ይህ ነው። ፊደል የቆጠረ ሁሉ ግን መጽሐፍ አያነብም። ተማሪው የደረት ራጅ ሲሰጠው ዐይኑ ወደ ሳንባው መካከል ይሮጣል፤ አስተማሪው ግን በመጀመሪያ የበሽተኛውን ስም፣ ቀኑን፣ የቀኝና የግራ ምልክቱን እንዲያነብ ያዝዘዋል። የበሽተኛው ቀኝ በአንባቢው ግራ በኩል እንደሚውል ይነግረዋል። ተኝቶ ከፊት ወደ ኋላ የተነሣ በሽተኛ ልቡ ቆሞ ከተነሣው ይልቅ ገዝፎ ስለሚታይ «ልቡ አብጧል» ለማለት እንዳይቸኩል ያስጠነቅቀዋል። ከዚያም ብዙ ሰው የሚዘልላቸውን ቦታዎች፣ ይኸውም የሳንባውን ጫፍ፣ ከልብ በስተጀርባ ያለውን፣ ከድያፍራም በታች ያለውን፣ የጎድን አጥንቶቹንና ትከሻውን፣ በየተራ ያስጎበኘዋል። ደግሞም ከአንድ ወገን ብቻ የተነሣ አጥንት ሰባራ ሆኖ ሳለ ደኅና ሊመስል ይችላልና ከሁለት ወገን ይነሣ ይባላል። የክንድ ጥይትም ከፊት ብቻ ቢታይ ከሥጋው ምን ያህል ጠልቆ እንደ ገባ አይታወቅም።

ይህ ሥርዓት ለሊቃውንቱም ቢሆን እንደሚያስፈልግ በ2013 ትራፍተን ድሩና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ያሳተሙት ጥናት ያሳያል። 24 ራዲዮሎጂስቶች በሳንባ ሲቲ ስካን ላይ ትንንሽ እብጠቶችን እንዲፈልጉ ታዘዙ። በመጨረሻው ሥዕል ውስጥ ግን አጥኚዎቹ የአንድ ጎሪላ ምስል ጨምረው ነበር፤ ምስሉም ከተለመደው እብጠት 48 ጊዜ ይበልጥ ነበር። ከ24ቱ 20ው ጎሪላውን አላዩትም። ዐይናቸው የሚሄድበት በመሣሪያ ሲመረመር ካላዩት መካከል የሚበዙት ትክ ብለው ተመልክተውት እንደ ነበር ታወቀ። ሰው የፈለገውን ያያል፤ ያልፈለገውን ግን ዐይኑ ሥር ቢሆንም ያልፈዋል። በራጅ ክፍል አንድ ወር የተቀመጠ ተማሪ ይህን ነገር በራሱ ላይ በየቀኑ ሲደርስ ስለሚያየው «አየሁ» ለማለት አይቸኩልም። አንድ ስብራት ካገኘ በኋላም ሁለተኛውን መፈለግ ይለምዳል።

ሁለተኛው ዕውቀት መጠየቅ ነው። ሐኪሙ ለራጅ ክፍል የሚልከው ማዘዣ ወረቀት ትንሽ ነገር ይመስላል። «ደረት፤ ሳል» ተብሎ የተጻፈበት ወረቀትና «የ40 ዓመት ሰው፤ ለ3 ሳምንት ሳል፤ ሌሊት ያልበዋል፤ ክብደቱ ቀንሷል፤ ከዚህ በፊት የቲቢ መድኃኒት ወስዷል» የሚል ወረቀት ግን እኩል መልስ አያመጡም። አንባቢው የቀድሞውን ጠባሳ ከአዲሱ በሽታ የሚለየው ታሪኩን ሲያውቅ፣ የቀድሞውም ራጅ ቀርቦ ከአሁኑ ጋር ሲተያይ ነው። በማዘዣው ክፍል በኩል ብቻ የኖረ ተማሪ ይህን አይረዳውም። ወረቀቱ በሚደርስበት ክፍል ተቀምጦ፣ ባዶ ማዘዣ ይዘው የሚቸገሩትን ሰዎች ያየ ተማሪ ግን ከዚያ በኋላ «ሳል» ብሎ ብቻ ወረቀት አይልክም።

ሦስተኛው አለማዘዝን ማወቅ ነው። ጨረር በሚሊሲቨርት ይለካል። ሰው ከምድርና ከሰማይ በተፈጥሮ የሚቀበለው በዓለም አማካይ በዓመት 2.4 ያህል ነው። አንድ የደረት ራጅ 0.1 ያህል ወይም ከዚያ በታች ነው፤ ይህም የሁለት ሳምንት የተፈጥሮ ጨረር ቢሆን ነው። አንድ የሆድ ሲቲ ስካን ግን ከ8 እስከ 10 ይደርሳል፤ የሦስት አራት ዓመት ማለት ነው። ስለዚህ ራጅን እንደ መርዝ መፍራትም፣ ሲቲ ስካንን እንደ ውኃ ማዘዝም ሁለቱም አላዋቂነት ነው። የሐሞት ጠጠር ለተጠረጠረበት ሰው አልትራሳውንድ በቅድሚያ የሚመረጥ፣ ጨረር የሌለውና ዋጋውም የቀለለ ነው። ቁርጭምጭሚቱ ለተጠማዘዘ ሰው ሁሉ ራጅ ማንሣት እንደማያስፈልግ ደግሞ በካናዳ በኦታዋ የተሠራውና በ1992 የወጣው ደንብ አስተምሯል። በደንቡ መሠረት ሐኪሙ የተወሰኑትን የአጥንት ቦታዎች በጣቱ ይጫናል፤ ሰውየውም አራት እርምጃ መራመድ መቻሉን ያያል፤ በዚህ ብቻ ብዙ ሰው ያለ ራጅ ወደ ቤቱ ይሰድዳል።

እንግዲህ ወደ አገራችን እንመለስ። በእኛ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ረዥሙን ጊዜ የሚወስዱት የውስጥ ደዌ፣ ቀዶ ሕክምና፣ የሕፃናትና የማሕፀን ክፍሎች ናቸው፤ ራዲዮሎጂ ከአጫጭሮቹ አንዱ ነው። የሚመረቀው ጠቅላላ ሐኪም ግን ብዙ ጊዜ የሚላከው ወደ መጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ነው፤ ይህም እንደ ደንቡ ከ60,000 እስከ 100,000 ሕዝብ የሚያገለግል ነው። ራዲዮሎጂስቶቻችን አብዛኛውን ጊዜ የሚገኙት በአዲስ አበባና በትላልቅ ከተሞች ስለ ሆነ፣ በወረዳው የራጅ መሣሪያ ቢኖር እንኳ ሥዕሉን የሚያነበው ያው ወጣት ሐኪም ነው። መኪና ተገልብጦ ቁስለኛ በሌሊት ሲመጣ፣ በሳንባው ዙሪያ አየር መቋጠሩን ከራጁ ላይ የሚያይለት ሌላ ሰው በአጠገቡ የለም። «ለሲቲ ስካን ወደ ከተማ ይሂድ» ብሎ የሚጽፈውም እርሱ ነው። የዚያች የአንድ መሥመር ጽሕፈት ትርጉም ለገበሬው በሬ መሸጥ፣ የአውቶቡስ ጉዞ፣ በማያውቁት ከተማ ማደሪያ መፈለግ ነው። አስፈላጊ ከሆነ ነፍስ ያድናል፤ ካልሆነ ቤት ይፈታል። ስለዚህ በአሜሪካ ራዲዮሎጂስቱ በቅርብ የሚገኝለት ተማሪ ይህን ልምምድ መርጦ ከገባበት፣ ማንም ለማይኖርለት ለኛው ተማሪ እንዴት ትርፍ ነገር ይሆናል?

በዚህ ላይ ሁለት መቃወሚያ ይነሣል። አንዱ፣ ኮምፒዩተር ሊያነበው ነውና ሰው ለምን ይደክማል የሚል ነው። እውነት ነው፣ በሰው ሠራሽ አእምሮ ሥራ የታወቀው ጄፍሪ ሂንተን በ2016 ራዲዮሎጂስት ማሠልጠን ከእንግዲህ ይብቃ፣ መሣሪያው በአምስት ዓመት ውስጥ ይበልጣቸዋል ብሎ ነበር። አምስቱ ዓመት አልፎ ራዲዮሎጂስቶች ዛሬም ይፈለጋሉ። መሣሪያው መርዳቱን አንክድም፤ ነገር ግን ማንን እንደሚያነሡ፣ ስለ ምን እንደሚያነሡ፣ መልሱንም ይዘው በሽተኛውን ምን እንደሚያደርጉት መወሰን ያው የሐኪሙ ሥራ ነው።

ሁለተኛው መቃወሚያ የበረታ ነው። ተማሪው በራጅ ክፍል ከሰው ጀርባ ተቀምጦ ያንቀላፋል እንጂ አይማርም ይላሉ። ይህ ሐሰት አይደለም፤ የዕረፍት ወር የሚለውም ስም ከዚህ የመጣ ነው። መድኃኒቱ ግን ልምምዱን መተው ሳይሆን አሠራሩን መለወጥ ነው። ተማሪው የሌላውን ንባብ ከመስማቱ በፊት ሥዕሉን ብቻውን አይቶ ያየውን በወረቀት ይጻፍ፤ ከዚያ ከአስተማሪው ቃል ጋር ያስተያየው። ሁለት ቀን ከራጅ አንሺው ጋር ቆሞ በሽተኛ እንዴት እንደሚቆም፣ ትንፋሹን እንዴት እንደሚይዝ ይመልከት። አልትራሳውንዱን በገዛ እጁ ይያዝ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሥዕሉን ካነበበ በኋላ ወደ ሕሙማኑ ክፍል ወርዶ ያን ሰው ያግኘው፤ ንባቡ እውነት መሆኑን ወይም አለመሆኑን የሚነግረው በሽተኛው ነውና።

በእኛ በኩል የሕክምና ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ይህን እንዲያስቡበት፣ የተማሪዎች ማኅበሮቻቸውም የምርጫ ልምምድ ጊዜ ሲጠይቁ ወይም ሲያከፋፍሉ የራጅን ክፍል ከዝርዝሩ ግርጌ እንዳይጥሉት እናሳስባለን። ራዲዮሎጂስት የሚሆነው ወደፊት ብዙ ዓመት ይማረዋል። ጠቅላላ ሐኪም ሆኖ ወደ ወረዳ የሚወርደው ግን ያለው ጊዜ ይህ ብቻ ነው።