የአውቶቡስ ወዳጅ ውሎ በ24 ቁጥር መስመር

ለንደን ውስጥ አዲስ አውቶቡስ መስመር የሚገባበትን ቀን በጉጉት የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። ሹፌሮች አይደሉም፤ የትራንስፖርት ሠራተኞችም አይደሉም። አብዛኞቹ በሌላ ሥራ የሚተዳደሩ፣ የዕረፍት ቀናቸውን ግን ካሜራና ደብተር ይዘው ፌርማታ ላይ የሚያሳልፉ የአውቶቡስ ወዳጆች ናቸው። ለእነሱ እ.ኤ.አ. ጁን 22 ቀን 2013 ትልቅ ቀን ነበር። በዚያ ቅዳሜ 24 ቁጥር መስመር «አዲሱ ሩትማስተር» በተባለው ባለ ፎቅ አውቶቡስ ሙሉ በሙሉ ተተካ። ከከተማዋ መስመሮች ሁሉ የመጀመሪያው መሆኑ ነው።

24 ቁጥር ባለ ታሪክ መስመር ነው። ከሰሜን ለንደን ሃምፕስቴድ ሂዝ ተነሥቶ በካምደን ታውን፣ በትራፋልጋር አደባባይና በፓርላማው ፊት አልፎ፣ ቪክቶሪያን አቋርጦ ቴምዝ ወንዝ አጠገብ ፒምሊኮ ይደርሳል። ይህ ጉዞ ከ1912 ወዲህ እምብዛም አልተለወጠም። በ1988 ግሬይ ግሪን የተባለ የግል ኩባንያ መስመሩን በጨረታ አሸንፎ ግራጫና አረንጓዴ አውቶቡሶቹን በፓርላማው ደጃፍ ሲያመላልስ፣ ቀይ አውቶቡስ ማየት ለለመደው ነዋሪ እንግዳ ነገር ሆኖበት ነበር።

አዳዲስ አውቶቡሶች ለምን በአንድ ጊዜ እንደሚመጡ የሚገባን ይህን የጨረታ አሠራር ስናውቅ ነው። መስመሩን፣ ታሪፉንና የአገልግሎቱን ሰዓት የሚወስነው የከተማዋ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ነው፤ አውቶቡሶቹን የሚያሰማሩትና የሚጠግኑት ግን በውል የሚሠሩ ኩባንያዎች ናቸው። አዲስ ውል ሲጀመር ብዙ ጊዜ አዳዲስ ተሽከርካሪዎችም አብረው ይገባሉ። ስለዚህ የአውቶቡስ ወዳጅ የጨረታ ውጤት ይከታተላል፤ ቀኑንም ከወራት በፊት ያውቀዋል። የአዲሱ ሩትማስተር ጉዳይ ግን ለየት ይላል። ተሽከርካሪዎቹን የገዛው ራሱ መሥሪያ ቤቱ ሲሆን፣ በ24 ቁጥር ላይ እንዲያሰማራቸው የተሰጡት ለሜትሮላይን ኩባንያ ነበር።

የአውቶቡስ ወዳጅ ውሎ ከጋራዥ ደጃፍ ይጀምራል። አውቶቡስ በወጣ ቁጥር ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው የጎን ቁጥሩ ላይ ነው። «ኤልቲ» የዚህ ዓይነት አውቶቡስ መለያ ሲሆን፣ ቀጥሎ ያለው ቁጥር የእያንዳንዱ ተሽከርካሪ የራሱ ነው። ታርጋውም ከዚሁ ጋር ይናበባል፤ ኤልቲ 11 የተባለው አውቶቡስ ታርጋው ኤልቲዜድ 1011 ነው። በታርጋው ላይ ያለችው ዜድ አውቶቡሱ የሰሜን አየርላንድ ታርጋ እንደ ተሰጠው ታመለክታለች፤ ራይትባስ የተባለው አምራቹ የሚገኘውም እዚያው ባሊሚና ከተማ ነው። አንድ ደቂቃ በማትሞላ ጊዜ ይህን ሁሉ አንብቦ ደብተሩ ላይ ያሰፍራል።

ከዚያ ተሳፍሮ የሚመረምረው ተሽከርካሪው ራሱን ነው። አዲሱ አውቶቡስ ስሙን የወረሰው ከአንጋፋው ሩትማስተር ነው፤ እሱም በ1956 ሥራ ጀምሮ 2,876 ያህል ተሠርቷል። ከኋላ በር አልነበረውም፤ ሰው የብረት ዘንጉን ይዞ ክፍት በሆነው መሳፈሪያ ዘሎ ይወጣ፣ ዘሎ ይወርድ ነበር። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 9 ቀን 2005 ከ159 ቁጥር ላይ ሲነሣ የመደበኛ አገልግሎት ዘመኑ አበቃ። ብዙዎች አዘኑ፤ ቦሪስ ጆንሰንም በ2008 ለከንቲባነት ሲወዳደሩ ያንን መሳፈሪያ የሚመልስ አዲስ አውቶቡስ እንደሚያሠሩ ቃል ገቡ።

በሄዘርዊክ ስቱዲዮ ንድፍ የተሠራው አዲሱ አውቶቡስ ርዝመቱ 11.2 ሜትር ነው። ሦስት በሮችና ሁለት ደረጃዎች አሉት፤ በጎኑ በሰያፍ የሚወጣው የመስኮት መስመርም ደረጃዎቹን ተከትሎ የሄደ ነው። ናፍጣ ሞተሩ ጎማዎቹን በቀጥታ አያሽከረክርም፤ ሥራው ጄኔሬተር ማንቀሳቀስ ነው። ጎማዎቹን የሚያዞረው የኤሌክትሪክ ሞተር ሲሆን፣ ሹፌሩ ፍሬን ሲይዝ ከሚባክነው ጉልበት ከፊሉ ተመልሶ ባትሪው ውስጥ ይጠራቀማል። ባትሪው በቂ ኃይል ካለው ናፍጣ ሞተሩ ይጠፋል። ልምድ ያለው ወዳጅ የሞተሩን ድምፅ አዳምጦ ባትሪው ምን ላይ እንዳለ ይገምታል።

መኪናን በትክክል የሚፈትነው ግን መስመሩና ተሳፋሪው ነው፤ የአውቶቡስ ወዳጅም ፌርማታ ላይ የሚቆመው ይህን ስለሚያውቅ ነው። በአዲሱ ሩትማስተር ላይ መስኮቶቹ አይከፈቱም ነበር። በበጋ ሙቀት ፎቁ ላይ የተቀመጠ ሰው ላብ በላብ ሲሆን፣ ከብዙ ቅሬታ በኋላ የሚከፈቱ መስኮቶች እንዲገጠሙ ተወሰነ። የኋላውን ክፍት በር የሚጠብቁት ረዳቶችም ወጪያቸው ከባድ ሆኖ በ2016 ተነሡ፤ በሩም አውቶቡሱ እየሄደ ክፍት መሆኑ ቀረ። በሦስቱም በር መሳፈር የተፈቀደ ስለነበር ሳይከፍል የሚገባው በረከተ፤ በ2020 መሳፈሪያው የፊት በር ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። አውቶቡሱ የታቀደለትን መልክ ይዞ ቆየ፤ የተነደፈበትን አገልግሎት ግን ደረጃ በደረጃ አጣ። በድምሩ 1,000 ያህል ከተሠሩ በኋላም ግዢው ቆመ።

ይህን ለውጥ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በቁጥር፣ በቀንና በፎቶግራፍ ከመዘገቡት መካከል እነዚህ ፌርማታ ላይ የሚቆሙ ሰዎች አሉበት። የትኛው ተሽከርካሪ በየትኛው ጋራዥ እንዳደረ፣ መቼ ወደ ሌላ መስመር እንደ ተዛወረ፣ መቼስ መስኮቱ እንደ ተቀየረ ደብተራቸው ይናገራል። አሮጌ አውቶቡስ ገዝቶ ወደ ቀድሞ መልኩ ሊመልስ የሚነሣ ሰው በምን ቀለም፣ በየትኛው መስመር ይሠራ እንደ ነበር ለማረጋገጥ እንዲህ ያለ መዝገብ ያስፈልገዋል። በብሩክላንድስ የሚገኘው የለንደን አውቶቡስ ሙዚየምም ከአንጋፋዎቹ ብዙዎቹን ለመንገድ አብቅቶ ያቆየው በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት ነው።

አውቶቡስ በሕዝብ ገንዘብ ተገዝቶ ሕዝብን የሚያመላልስ ዕቃ ነው። የመኪና አድናቂ ቅንጡ መኪና ሲያይ አንገቱን ቢያዞር አይገርምም፤ ሺዎች በየቀኑ የሚሳፈሩበትን አውቶቡስ ግን በሩን፣ መስኮቱንና ሞተሩን ለይቶ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ከተማ እንዲህ ያሉ ሰዎች ያስፈልጓታል፤ የተገባላትን ቃል ከተሰጣት አገልግሎት ጋር ማስተያየት የምትችለው ቀኑንና ቁጥሩን ጽፎ የያዘላት ሰው ሲኖር ነውና።