ድኽነት ከምን ይመጣል? በቤተ ሰብስ ላይ ምን ያደርሳል?

ድኽነት የሚለውን ቃል የማያውቅ ሰው የለም። ነገር ግን ድኽነት ምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅ የሁሉም መልስ አንድ አይደለም። አንዳንዱ ገንዘብ ማጣት ነው ይላል፤ አንዳንዱ ከላይ የታዘዘ ዕድል ነው ይላል፤ ብዙው ሰው ግን የስንፍና ውጤት ነው ብሎ ይፈርዳል። እኔም በዚህ አጭር ጽሑፍ የድኽነትን መንሥኤና በቤተ ሰብ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት እንደ ችሎታዬ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ስንፍናው እንነጋገር። ሰነፍ ሰው ሊደኸይ እንደሚችል አይካድም። ይሁን እንጂ ድኻ ሁሉ ሰነፍ ቢሆን ኖሮ፥ ዶሮ ሲጮኽ ተነሥታ ውሃ የምትቀዳ፥ እንጨት ለቅማ በጀርባዋ ተሸክማ ገበያ የምትወርድ እናት ሁሉ ባለጸጋ በሆነች ነበር። ከንጋት እስከ ምሽት ዕርፍ ጨብጦ የሚውለውም ገበሬ ጎተራው ባልጎደለ ነበር። እንግዲህ ምክንያቱን ከሌላ ቦታ መፈለግ አለብን።

በእኔ አስተያየት ድኽነት ማለት ጥሪት ማጣት ነው። ሀብታምም ይታመማል፤ የሀብታምም ማሳ በረዶ ይመታዋል። ልዩነቱ ሀብታሙ ለክፉ ቀን ካስቀመጠው ሲከፍል፥ ድኻው የሚከፍለው እንጀራውን ከሚያገኝበት ነገር ላይ መሆኑ ነው። በሬውን ይሸጣል፤ መሬቱን ለሌላ ይሰጣል፤ ልጁን ከትምህርት ቤት ያስቀራል። ዛሬን ለማለፍ ሲል ነገን ይሸጣል። ከድጡ ወደ ማጡ የሚባለው ይህ ነው።

አሁን ወደ መንሥኤዎቹ እንለፍ።

1ኛ፤ የመሬት ማነስ ነው። ከሕዝባችን ከ4 እጅ 3ቱ ያህል የሚኖረው በገጠር ነው። በድሮው ሥርዓት፥ በተለይ በደቡቡ የአገራችን ክፍል፥ ጭሰኛው ካመረተው ሲሶውን፥ አንዳንድ ቦታም እኩሌታውን ለባለ መሬቱ ይሰጥ ስለ ነበር ጥሪት ሊይዝ አልቻለም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀረ፤ አንድ ቤተ ሰብ የሚይዘው መሬትም ከ10 ሔክታር እንዳይበልጥ ወሰነ። ነገር ግን ሕዝቡ በዛ እንጂ መሬቱ አልበዛም። በ1976 ዓ.ም. የመጀመሪያው የሕዝብ ቆጠራ ሲደረግ 40 ሚሊዮን ያህል ነበርን፤ ዛሬ ከ100 ሚሊዮን በላይ ነን። አባት ለልጆቹ ሲያካፍል፥ ልጅም በተራው ሲያካፍል፥ በብዙው ደጋ አንድ ቤተ ሰብ የሚያርሰው ከ1 ሔክታር ያነሰ ሆኗል።

2ኛ፤ የዝናብ መጥፋት ነው። አብዛኛው እርሻችን ሰማይን የሚጠብቅ ነው። ነገር ግን ሰውን የሚያስርበው የዝናብ መጥፋት ብቻ አይደለም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ስለ ደረሰው ረኃብ የመረመረው ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን እንዳስረዳው፥ በዚያ ጊዜ የአገሪቱ ጠቅላላ የምግብ ምርት ያን ያህል አልጎደለም ነበር። ማሳው የደረቀበትና ከብቱ ያለቀበት የወሎ ሰው ግን እህሉን የሚገዛበት አልነበረውም። አያቴ የ1977 ዓ.ም.ን ክፉ ቀን አይተዋል። «በሬውም ገበያ ወጣ፥ ሰውም ገበያ ወጣ፤ ሁሉም ሻጭ ሆነና ገዥ ጠፋ» ይሉኛል። ከብት ሲረክስ እህል ይወደዳል፤ ሁለት በሬ የነበረው ሰው በጥቂት ቁና እህል ባዶ እጁን ቀረ።

3ኛ፤ የገበያው ሁኔታ ነው። ገበሬው ጥር ላይ የማዳበሪያ ዕዳ ስላለበት ሁሉ በሚሸጥበት ጊዜ እህሉን በርካሽ ይሸጣል። ክረምት ሲገባ ጎተራው ይጎድልና ያንኑ እህል ነሐሴ ላይ በውድ ይገዛል።

4ኛ፤ ሕመም ነው። ጦርነትም ከዚሁ ጋር ይቆጠራል፤ ሁለቱም ሠርቶ የሚያበላውን እጅ በአንድ ቀን ይነጥቃሉና። ስለ ሕመም ግን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከቤታችን ልናገር።

በ2010 ዓ.ም. ሰኔ ወር ላይ እናቴ በጠና ታመሙ። እኔ የ10 ዓመት ልጅ ነበርሁ። አባቴ ሁለት በሬ ነበራቸው፤ ለሕክምናውና ለመጓጓዣው አንደኛውን ሸጡ። የቸኮለ ሻጭ ዋጋ ስለማይከራከር ገዥው የሰጣቸውን ተቀብለው መጡ። በአንድ በሬ ማረስ ስለማይቻል ከአንድ ጎረቤት ጋር ተቀናጁ፤ ነገር ግን ተራው እስኪደርሰን ዘሩ ዘገየና ጤፉ ሳያፈራ ዝናቡ ቆመ። በሚቀጥለው ዓመት ከማሳችን ግማሹን ለእኩል አራሽ ሰጠን፤ ሁለተኛውም በሬ ለዕዳ ተሸጠ። እናቴ፥ እግዚአብሔር ይመስገን፥ ዳኑ። ታላቅ እኅቴ ግን በዚያው ዓመት 8ኛ ክፍልን ሳትጨርስ ከተማ ወርዳ በሰው ቤት ተቀጠረች። ከእኔ ይልቅ ሒሳብ የምታውቀው እርስዋ ነበረች።

እንግዲህ ድኽነት በቤተ ሰብ ላይ የሚያደርሰውን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

መጀመሪያ የሚነካው ማዕዱን ነው። ቀድሞ ሦስቴ ይበላ የነበረው ሁለቴ ይሆናል፤ ወጡ ይቀጥናል፤ እናት «እኔ ቀምሻለሁ» እያለች ጦሟን ታድራለች። ከሁሉ የሚጎዳው ሕፃን ነው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት ከ100ው 38ቱ ቀንጭረው ተገኝተዋል። በሁለት ዓመቱ የቀነጨረ ልጅ ክፍል ሲገባ ትምህርቱ ይከብደዋል፤ ስለዚህ ድኽነት ከአባት ወደ ልጅ ይወረሳል።

ሁለተኛ ትምህርትን ይነካል። ወንዱ ለእረኝነት ይቀራል፤ ሴቷ ለሥራ ወይም ያለ ዕድሜዋ ለባል ትሰጣለች። አንዳንዷም ወደ ዐረብ አገር ትሰደዳለች።

ሦስተኛ ክብርን ይነካል፤ ይህ በጥናት አይቆጠርም። አባቴ ባዶ እጅ አልሄድም ብለው ሰርግ ቤት መሄድ ተዉ፤ የዕድር መዋጮ ሲያቅታቸው ከሰው ራቁ። ዝም ማለት አበዙ፤ በትንሹም በትልቁም ይቆጡ ጀመር። ልጅ ሆኜ አባቴ የጠሉን ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ማፈራቸው እንደ ነበረ ገባኝ።

ታዲያ መድኃኒቱ ምንድን ነው? ድኽነት የማይነቀል አለመሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ አለ። በመንግሥት ጥናት መሠረት በ1988 ዓ.ም. ከ100 ሰው 45ቱ ያህል ከድኽነት መስመር በታች ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. ግን ወደ 24 ገደማ ወርደው ነበር። ከዚያ ወዲህ ጦርነት፥ ድርቅና የኑሮ ውድነት ብዙ ቤት ጎድተዋል።

ከላይ እንዳልሁት በሽታው ጥሪት ማጣት ከሆነ መድኃኒቱ ጥሪትን መጠበቅ ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲ ኔት የሚባለው ፕሮግራም ለእርከንና ለመንገድ ሥራ ገንዘብ ወይም እህል የሚከፍለው፥ ድኻው በክፉ ወር በሬውን እንዳይሸጥ ነው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ ጤና መድንም ቤተ ሰብ በዓመት በሚከፍለው መዋጮ የሚታከምበት ነው። እኛ በዚያ ክረምት አባል አልነበርንም፤ ብንሆን ኖሮ በሬው ከደጃችን ባልወጣ ነበር። ዕቁብና ዕድርም አባቶቻችን ራሳቸው የፈጠሯቸው ያው መድኃኒቶች ናቸው።

ውድ ጓደኞቼ፥ ከእኛ መካከል በሳምንት አንድ ቀን ስንቅ ሊያመጣ በእግሩ አገር ቤት የሚሄድ ብዙ ነው። ሰኞ ጠዋት አርፍዶ የገባውን ወይም በክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋውን ሰነፍ ከማለታችን በፊት ከየት እንደ መጣና ምን በልቶ እንዳደረ እንጠይቅ። ወላጆችም መድኑን ሳይታመሙ በፊት እንዲገቡበት እለምናለሁ።

የምኖርበትን የቤት ኪራይ የምትከፍለው ያቺው እኅቴ ናት። ይህን እንድጽፍ ፈቃድ ስጠይቃት «ጻፈው፤ ግን እኔም በማታ ትምህርት 9ኛ ክፍል መግባቴን ጨምርበት» አለችኝ። እነሆ ጨመርሁ።