ጋሻው ምን ይነግረናል? የአንድ ፈረሰኛ ዕቃዎች ከሙዚየም እስከ አሶሳ

ሙዚየም ገብታችሁ የድሮ ተዋጊ ጋሻ፣ ጎራዴና ጎፈር ተሰቅሎ አይታችሁ ከሆነ «ቆዳ እንዴት ጦር ይመክታል?» ብላችሁ ሳትጠይቁ አትቀሩም። ጥያቄው የታሪክ ብቻ አይደለም፤ የምህንድስናም ነው። እስቲ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

ጋሻው

ጋሻ የሚሠራው ከጎሽ፣ ከጉማሬ ወይም ከበሬ ቆዳ ነው። ቆዳው እንደ ጫማ ቆዳ አይለፋም፤ ጥሬውን እንደረጠበ ቅርጽ ይዞ ይደርቃል። ቆዳ ውስጥ ኮላጅን የሚባሉ የፕሮቲን ክሮች በየአቅጣጫው ተጠላልፈዋል። ቆዳው እርጥብ ሲሆን ክሮቹ ስለሚንሸራተቱ እንደፈለግነው ይታጠፍልናል። ውሃው ሲወጣ ግን እርስ በርስ ይጣበቁና ቆዳው እንደ ጣውላ ይጠነክራል። ፋይበር ግላስ ሄልሜትም በተመሳሳይ ሐሳብ ነው የሚሠራው፦ ክር እና ክሩን የሚያጣብቅ ነገር።

ቅርጹም ሥራ አለው። ጋሻው መሃሉ ወደ ውጭ ያበጠ ስለሆነ ጦሩ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው በሰያፍ ነው፤ ከመሰካት ይልቅ ይንሸራተታል።

ታዲያ ፊቱ ላይ ያለው የብር ጌጥስ? እሱ ጥንካሬ አይጨምርም፤ ክብደት ነው የሚጨምረው። ከአንበሳ ጋማ እንደሚሠራው ጎፈር ሁሉ የባለቤቱን ጀግንነትና ማዕረግ ይናገራል። ጠመንጃ ሲስፋፋ ደግሞ የቆዳ ጋሻ ጥይት ስለማያቆም ከመከላከያነት ይልቅ ሽልማትነቱ እየጎላ ሄደ።

እርካቡና ፈረሱ

የድሮው ፈረሰኛ በባዶ እግሩ ስለሚጋልብ እርካቡ ለአውራ ጣት ብቻ የምትበቃ ቀለበት ነበረች። ትንሽ ብረት፣ ቀላል ክብደት፣ በቃ!

ፈረሱ ደግሞ ለጌታው ስም ይሰጠዋል። ራስ መኮንን በፈረስ ስማቸው «አባ ቃኘው» ይባሉ ነበር። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው።

አሶሳ ላይ ምን ተፈጠረ?

ከአድዋ ድል ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1890 ዓ.ም.፣ ራስ መኮንን ወደ ቤኒሻንጉል ዘመቱ። ምክንያቱ የአካባቢው ወርቅና የሱዳን ድንበር ጉዳይ ነበር። ድንበሩን የሚመለከተው ውል ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመው በ1894 ዓ.ም. ነው።

በዚህ አገር ግን ፈረስ ሌላ ጠላት አለው፦ ገንዲ። በቆላው የሚኖረው የጸጼ ዝንብ ሲነክስ ደም ውስጥ ጥገኛ ተሕዋስ ያስገባል። እንስሳው ደም ያንሰዋል፣ ይከሳል፣ ካልታከመም ይሞታል። የአባይ ተፋሰስ ቆላ ለፈረሰኛ የማይመቸው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ጦር የሚመክት ጋሻ ዝንብ አይመክትም!

አንድ ነገር ደግሞ እንዳትረሱ። ለዘማቹ ሽልማት ያስገኘ ዘመቻ ለቤርታና ለሌሎች የአካባቢው ሕዝቦች ሽንፈት ነበር፤ ወርቅ ገብረዋል፣ ብዙዎችም በባርነት ተወስደዋል። የአሶሳው ገዥ ሼህ ሆጀሌ አልሐሰን ራሳቸው ታስረው ነበር፤ በኋላ ተፈትተው እንደገና ገዝተዋል። ስለዚህ ጋሻው የባለቤቱን ታሪክ ብቻ ከነገረን ግማሹን ነው የነገረን።

ቤታችሁ ጋሻ ካለ

ውሃ ቆዳን እንደሚያለሰልስ አይተናል። እንደ አሶሳ ክረምቱ ረጅም በሆነበት ቦታ እርጥብ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጋሻ ይለሰልሳል፣ ቅርጹ ይጣመማል፣ ይሻግታል። አትጠቡት፣ ዘይት አትቀቡት፣ ምድጃ አጠገብም አታስቀምጡት፤ ደረቅና አየር ያለበት ጥላ ይበቃዋል።

ከዚያ አያቶቻችሁን ጠይቁ፦ የማን ነበር? የት ዘመተበት? ማን ሸለመው? እዚያ አገር የነበሩትስ ምን ሆኑ? መልሱን ዛሬውኑ ጻፉት። የተጣመመ ጋሻ ባለሙያ ሊያቃናው ይችል ይሆናል፤ ታሪኩን የሚያውቅ ሰው ካለፈ ግን የሚመልሰው የለም።