ከዶላር ሁለት መቶኛው እጅ
ስለ ጥንታውያን የአሜሪካ የመዳብ ገንዘቦች

ከመካከላችን የወር ደመወዙን ሲቀበል የብር ኖቱን ሁለት ሦስት ጊዜ የማይቆጥር የለም። ዝርዝሩን ሳንቲም ግን ፊቱንም ጀርባውንም ሳናይ ወደ ኪሳችን እንጨምረዋለን። ይሁን እንጂ አንድ መንግሥት ለሕዝቡ ምን ያህል እንደሚያስብ፥ ቃሉንም ምን ያህል እንደሚጠብቅ ለመረዳት ከወርቁና ከብሩ ይልቅ ትንሹ የመዳብ ገንዘብ የበለጠ ይመሰክራል። ለዚህም አስረጅ እንዲሆነን የጥንቱን የአሜሪካን መዳብ፥ በተለይም «ግማሽ ሴንት» የተባለውን እንመልከት። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

አሜሪካ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር በነበረችበት ዘመን በገበያው ከሚዘዋወረው ገንዘብ ዋናው በስምንት ሬአል የሚመነዘረው የእስጳንያ ብር ነበር። «ዶላር» የሚለው ስም የመጣው «ታለር» ከተባለው የጀርመን አገር ብር ነው፤ በአገራችን ለብዙ ዘመን ሲሠራበት የኖረው የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብርም የዚሁ የታለር ዘር ነው። ጠገራው ለጥቃቅን ግብይት አልመች ሲላቸው አባቶቻችን አሞሌ ጨውን በዝርዝር ፈንታ ይገለገሉበት እንደ ነበር ሁሉ፥ የአሜሪካ ሰፋሪዎችም በዝርዝር እጦት ይቸገሩ ነበር። ከለንደን የመዳብ ገንዘብ ይላክላቸው የነበረው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። በ1773 በለንደን ግንብ ማተሚያ ቤት ተሠርቶ ለቨርጂኒያ የተላከው፥ የንጉሥ ጊዮርጊስ ሣልሳዊ መልክ ያለበት ግማሽ ፔኒ ከጥቂቶቹ አንዱ ነው። የቀረውን ጉድለት ሐሰተኞች ሞሉት፤ ክብደቱ የጎደለ የሐሰት ግማሽ ፔኒ በየገበያው ተሠራጨ።

አገሪቱ ነፃ ከወጣች በኋላ ቬርሞንትና ኮኔክቲከት በ1785፥ ኒው ጀርሲ በ1786፥ ማሳቹሴትስም በ1787 የየራሳቸውን መዳብ ማሠራት ጀመሩ። የፊተኞቹ ሦስቱ ሥራውን ለነጋዴዎች በውል ሰጡ። ማሳቹሴትስ ግን የራሱን ማተሚያ ቤት አቁሞ ክብደቱ ያልጎደለ ሴንትና ግማሽ ሴንት አወጣ። ሒሳቡ ሲመረመር ገንዘቡን ለመሥራት የሚወጣው ወጪ ከገንዘቡ ዋጋ በልጦ ተገኘ። ስለዚህ ታማኙ ሠሪ ሲከስር፥ ክብደት የሚቀንሰው አተረፈ።

በዚያው በ1787 የአገሪቱ ኮንግሬስ ጄምስ ጃርቪስ ለተባለ ሰው 300 ቶን የመዳብ ገንዘብ እንዲያቀርብ ውል ሰጠው። በአንዱ ፊት የፀሐይ ሰዓትና «ሥራህን ተከታተል» የሚል ምክር፥ በሌላው ፊት 13 የተያያዙ ቀለበቶችና «አንድ ነን» የሚል ቃል ተቀረጸበት። ጃርቪስ ግን ከመንግሥት የተቀበለውን መዳብ ቀለል ላለው ለኮኔክቲከት ገንዘብ አዋለው፤ ከውሉም ጥቂቱን ብቻ ስላስረከበ በ1788 ውሉ ተሠረዘ። ገንዘቡ የሚሰጠውን ምክር ሠሪው ራሱ አልፈጸመውም።

የዚህ ሁሉ ፍጻሜ የታየው በ1789 ነው። በሐምሌ ወር በኒው ዮርክ ሕዝቡ በመዳብ ላይ የነበረው እምነት ጠፍቶ ዋጋው በድንገት ከግማሽ በታች ወረደ። ሀብቱ በብርና በሸቀጥ የነበረው ትልቅ ነጋዴ ጉዳቱን ሊችለው ይችላል። ጉልት ላይ ተቀምጣ ለምትቸረችር ሴትና የዕለት ዋጋውን በመዳብ ለተቀበለ ሠራተኛ ግን፥ ማታ ቆጥረው ያሳደሩት ገንዘብ ሲነጋ ከእኩሌታው በላይ ጠፍቶ መገኘቱ ነው።

አዲሱ መንግሥት ገንዘብ የማሠራቱን ሥልጣን ከየግዛቶቹ አንሥቶ ለራሱ አድርጎት ነበር። የገንዘብ ሚኒስትሩ አሌክሳንደር ሐሚልተን በ1791 ለኮንግሬስ ባቀረበው ዘገባ፥ ድኻው በትንሽ በትንሹና በተመጣጠነ ዋጋ ለመግዛት እንዲችል እጅግ ትንሽ ገንዘብ ሊኖር እንደሚገባ አስረዳ። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ከሴንት በታች መልስ የሚሰጥበት ከሌለ፥ የሴንት እኩሌታ የሚያወጣውን ዕቃ ሻጩ በሙሉ ሴንት ይሸጠዋል። ከዚህም ሌላ አንድ የእስጳንያ ሬአል የሚመነዘረው በ12 ሴንት ተኩል ስለ ሆነ፥ ግማሽ ሴንት ከሌለ ሒሳቡ አይዘጋም ነበር። ስለዚህ ሚያዝያ 2 ቀን 1792 በወጣው ሕግ ግማሽ ሴንት ተፈቀደ፤ በሚከተለውም ዓመት ፊላዴልፊያ ላይ 35,334 ያህል ተሠራ። የመጀመሪያዎቹ ግማሽ ሴንቶች በጠርዛቸው ዙሪያ «ሁለት መቶው ለአንድ ዶላር» የሚል ጽሑፍ ነበረባቸው።

ዛሬ እነዚህን ገንዘቦች የሚሰበስብ ሰው በእጁ የሚይዘው የዚህን ማተሚያ ቤት የሥራ መዝገብ ነው ማለት ይቻላል። የመምቻው ማኅተም በእጅ ይቀረጽ ስለ ነበረ የሠራተኛው ስሕተት ሁሉ በመዳቡ ላይ ቀርቷል። በ1796 ከተሠሩት በአንዳንዶቹ ላይ ቀራጩ የነፃነትን ቆብ የሚሸከመውን ዘንግ ረስቶታል። በ1804 አንድ ማኅተም ባዕድ ነገር ስለ ነካው፥ በነፃነት አምሳል የተቀረጸችው ሴት ከአገጭዋ እሾኽ የበቀለባት መስላ ትታያለች። በ1828 ደግሞ በ13 ኮከቦች ፈንታ 12 ብቻ የተቀረጸበት ወጥቷል። መዳብ እጅግ ተወዶ በቸገረበት ጊዜም ማተሚያ ቤቱ በኒው ዮርክ ነጋዴዎች የተሠራ የመዳብ ምልክት ገዝቶ፥ ዙሪያውን ቆርጦ፥ በላዩ ግማሽ ሴንት መታበት። ከ1795 እና ከ1797 ገንዘቦች በአንዳንዶቹ ላይ የነጋዴዎቹ ጽሑፍ ርዝራዥ ዛሬም ከሥር ይነበባል።

የመዳቡ ዋጋ በመወደዱ ክብደቱም ከ6.74 ግራም ወደ 5.44 ግራም ዝቅ ብሏል። ለውጡ ግን በሥውር የተደረገ አልነበረም፤ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን በ1796 በዐዋጅ ለሕዝብ አስታውቆታል። በቀድሞዎቹ ነጋዴዎችና በዚህ መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው።

የካቲት 21 ቀን 1857 በወጣው ሕግ ግማሽ ሴንት ቀረ፤ በዚያው ሕግ የእስጳንያ ብርም ሕጋዊ ገንዘብነቱ ተሻረ። አንዱ የተፈጠረው ሌላውን ለመመንዘር ጭምር ስለ ነበረ አብረው መሄዳቸው የሚያስገርም አይደለም። ሕዝቡም ከፊቱ ሊጠፋ የተቃረበውን መዳብ ማስቀመጥ ጀመረ፤ በ1858 የአሜሪካ የገንዘብ ጥናት ማኅበር በኒው ዮርክ ተመሠረተ። በ1875ም ሲልቬስተር ክሮዝቢ የቅኝ ግዛቱን ዘመን ገንዘቦች ከየሕጋቸው ጋር አጠናቅሮ ታላቅ መጽሐፍ አሳተመ።

በዚህ ሥራ ልምድ ያላቸው ሰዎች ሁለት ነገር ይመክራሉ። መጀመሪያ፥ ሐሰተኛ ሠሪ ዛሬም አልጠፋምና ገንዘቡ ይመዘን፤ ክብደቱ ከሕጉ የራቀ ከሆነ ይጠርጠር። ሁለተኛ፥ አሮጌ መዳብ በፍጹም አይፈተግ። በሎሚ ወይም በአሸዋ የተወለወለ ገንዘብ ለጊዜው ያብረቀርቃል፤ ነገር ግን ከዘመን ብዛት የለበሰው ቡናማ መልኩ ጨርሶ አይመለስም፥ ዋጋውም እጅግ ይወርዳል። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ጠርጎ በደረቅ ሥፍራ ማኖር ይበቃል።

ይህ ምክር ለእኛም ቤት ይሆናል። «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» የሚለው አነጋገር በአፋችን ቀርቷል፤ ቤሳው ራሱ ግን ከገበያ ከወጣ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ምናልባት ከእናንተ መካከል በአንዱ ቤት፥ በአያት ሣጥን ውስጥ፥ የዳግማዊ ምኒልክ ዘመን መዳብ ተኝቶ ይሆናል። ያገኘው ሰው ከመወልወሉና ለልጆች መጫወቻ ከመስጠቱ በፊት በመስኮት ብርሃን አገላብጦ ይመልከተው፤ ዓመተ ምሕረቱንና ክብደቱን፥ ከማን እጅ እንደ መጣም በወረቀት ላይ ጽፎ አብሮ ያስቀምጠው። የጥንት ሰዎች ለድኻው መልስ እንዳይጎድል ምን ያህል እንደ ደከሙ የሚነግረን ይህ ትንሽ መዳብ ነውና።