ሬዲዮን ተከትሎ መስገድ ይቻላልን?

እ.ኤ.አ. በማርች 2020 በኮሮና ወረርሽኝ ሳቢያ በእንግሊዝ መስጂዶች ተዘጉ። በኤፕሪል የቢቢሲ 14 የአካባቢ ሬዲዮ ጣቢያዎች ለሙስሊሞች ልዩ ዝግጅት ጀመሩ። በየሳምንቱ ዓርብ ማለዳ አንድ ኢማም ቁርአን ይቀራ፣ ሐዲስ ያወሳ፣ ዱዓም ያደርግ ነበር። ብቻቸውን ቤት ለዋሉ አረጋውያን ይህ ትልቅ ማጽናኛ ነበር።

ይሁን እንጂ ሁለት ነገሮችን መለየት ይኖርብናል። በሬዲዮ ቲላዋ ማዳመጥና ለዱዓው አሚን ማለት መልካም ነው። ኢማምን በሬዲዮ ተከትሎ ከቤት ሆኖ መስገድ ግን በአብዛኞቹ ዑለማዎች ዘንድ ተቀባይነት የለውም፤ ጀመዓ በአንድ ስፍራ መሰባሰብን ይጠይቃልና። ስለዚህ በዑዝር ጁሙዓ የቀረበት ሰው ቤቱ አራት ረከዓ ዙህር ይሰግዳል። አላህ ሰላታችንን ይቀበለን። ወላሁ አዕለም።