የእንግሊዝ አሮጌ ሞተር ሳይክል፦ ሀብት ነው ወይስ ወጪ?

በሆሳዕናና በዱራሜ መንገዶች ተሳፋሪ የሚያመላልሰውን ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ የሚሠራው የሕንዱ ባጃጅ፣ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በእንግሊዙ ትራያምፍ ስም ባለ 400 ሲሲ ሞተር ሳይክል ለገበያ እያቀረበ ነው። ተፎካካሪው ቲቪኤስም እ.ኤ.አ. በ2020 ኖርተንን በ16 ሚሊዮን ፓውንድ ጠቅልሎ ገዝቷል። ነጋዴ ለአሮጌ ስም ይህን ያህል የሚያወጣው ስሙን የሚፈልግ ገዥ ስላለ ነው።

ገዥው የሚፈልገው ፍጥነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተሠራ ትራያምፍ ወይም ቢኤስኤ ዛሬ በተራ የጃፓን ሞተር ይቀደማል፤ ዘይትም ያንጠባጥባል። ነገር ግን ኮምፒዩተር የለበትም፣ ባለቤቱ በገዛ እጁ ፈቶ ይገጥመዋል፤ ቁጥሩም ከእንግዲህ አይጨምርም።

ማሻሻሉ የሚጀመረው ከኤሌክትሪኩ ነው። ፑንቲናው በኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ይተካል፣ ባለ 6 ቮልቱ ወደ 12 ይለወጣል፣ ፍሬኑ ይጠናከራል። ሞተሩ በዚህ ለመንዳት ይመቻል እንጂ ዋጋው የግድ አይጨምርም። ሰብሳቢ የሚከፍለው ለፋብሪካው ዕቃ ነው። ስለዚህ ሻንሲ የበሳ ወይም መከላከያ የቆረጠ ሰው ከኪሱ ቆርጧል፤ ብልሁ የወጣውን ፑንቲና በካርቶን ያስቀምጣል።

ከደቡብ አፍሪካ በሚላክ ገንዘብ ቤት በሚሠራባቸው የሀዲያና የከምባታ ከተሞች እንዲህ ያለ ሞተር ልግዛ የሚል ቢመጣ፣ ሒሳቡ ከግዢው ዋጋ ያልፋል። የእንግሊዝ ብሎን በኢንች ስለሚለካ የጋራዡ ሚሊሜትር መፍቻ ዳዶውን ያሟልጨዋል። በ2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነውና፣ ካርቡራተሩ ካልተስተካከለ ቤንዚን በዝቶበት ካንዴላው ይጠቁራል። መለዋወጫው በፓውንድ ይገዛል፤ ብር ደግሞ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ዋጋ ነው የሚመነዘረው።

በዚህ በኩል የሚሻለው ሮያል ኢንፊልድ ቡሌት ነው። የእንግሊዙ ፋብሪካ ቢዘጋም፣ እ.ኤ.አ. በ1955 በሕንድ ማድራስ የተጀመረው ሥራ ስላልተቋረጠ የአሮጌው ሞዴል መለዋወጫ ዛሬም ከዚያው ይገኛል። የሰብሳቢ ዋጋው ግን ከትራያምፍና ከኖርተን ያንሳል።

ከክፍያ በፊት የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር ከሊብሬው ጋር ይመሳከር፤ ቀረጡም ከጉምሩክ ይጠየቅ። ሆሳዕና ላይ ቤት የሚሸጥ ሰው ደላላ አያጣም፤ የ1960ዎቹን ትራያምፍ የሚሸጥ ግን ገዥውን ከአገር ውጭ ሊፈልግ ይችላል።