ከመተማ በፊት ቦሩ ሜዳ ነበር

ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ፈሪ ነበሩ የሚል ሰው አላጋጠመኝም። በ1880 የሱዳን ደርቡሾች ጎንደር ገብተው አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠሉ። ጣሊያን ከምጽዋ ወደ ደጋው ይገፋል፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ከእሳቸው ርቀዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ግን መተማ ዘመቱ። መጋቢት 1881 ከሠራዊታቸው መካከል ሆነው ሲዋጉ በጥይት ተመቱ፤ አስከሬናቸው በጠላት እጅ ወድቆ ጭንቅላታቸው ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። ለሃይማኖታቸውና ለአገራቸው አንገታቸውን ሰጡ ሲባል ማጋነን አይደለም።

እኚሁ ንጉሥ ናቸው በ1870 ወሎ ውስጥ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ የጠሩት። በኦርቶዶክስ ሊቃውንት መካከል የነበረው የቆየ ክርክር በአንዱ ወገን አሸናፊነት ተዘጋ፤ የወሎ ሙስሊምም ተጠመቅ ተባለ። የወሎው መሪ ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ክርስትና ያነሷቸው ራሳቸው ዮሐንስ ናቸው። ባላባቱ ሹመቱን አተረፈ። ከተራው ሰው ብዙው ቀን ማተብ አስሮ ሌሊት ተደብቆ ሰገደ፤ ሼህ ጦልሃ ቢን ጃዕፈርን የመሰሉት ደግሞ እምቢ ብለው ተነሡ። ለአንድነት ሲሉ ነው ይባላል። የዘመኑ ጭንቀት ይገባኛል፤ ግብፅ ከሁለት ዓመት በፊት ጉራዕ ላይ የተመለሰች ጠላት ነበረች። ቢሆንም መተማ ላይ የታየው ልብ ቦሩ ሜዳ ላይ አልታየም። ከእኔ የተለየ የሚጸልይ ይከዳኛል የሚል ስጋት ነው ያን አዋጅ ያስነገረው።

ስጋቱ ከእሳቸው በኋላም ዙፋን ገለበጠ። የእኚያው የሚካኤል ልጅ፣ የምኒልክ የልጅ ልጅና ወራሽ ኢያሱ፣ ሐረርና ኦጋዴን እየተመላለሱ ከሙስሊም መሪዎች ጋር ተወዳጁ፣ ተጋቡም። የችኮላና የግዴለሽነት ጥፋታቸው ብዙ ነው፤ በዓለም ጦርነቱም ወደ ቱርክና ጀርመን ማዘንበላቸው እንግሊዝን፣ ፈረንሳይንና ጣሊያንን አስቆጥቷል። መስከረም 17 ቀን 1909፣ በመስቀል ዕለት፣ አቡነ ማቴዎስ መኳንንቱን ከመሐላቸው ሲፈቱ ግን በአደባባይ የተነገረው ክስ ሰለሙ የሚል ነበር። በወሩ፣ ጥቅምት 17፣ ለልጃቸው ዙፋን የዘመቱት ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ።

የእስልምና ታሪክ የሚተርከው የአክሱም ንጉሥ ሌላ ነበር። የመካ ቁረይሾች ወደ እሱ የተሰደዱትን የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች አሳልፎ እንዲሰጣቸው እጅ መንሻ ይዘው መጡ። ንጉሡ ነጃሺ የስደተኞቹን ተናጋሪ ጃዕፈርን አስጠርቶ ሰማ፣ እጅ መንሻውን መለሰ፣ ስደተኞቹንም አስቀረ። እምነቱ የሌላውን እምነት ከማስጠጋት አላገደውም።

የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ግን ኦርቶዶክስን የመንግሥት ሃይማኖት አድርጎ ቀጠለ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አዲስ አበባ በሰልፍ ተጥለቀለቀች፤ ሙስሊሞች በዓላችን ይከበር፣ ሃይማኖትና መንግሥት ይለያዩ ሲሉ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ወጡ። በዓላቱ በደርግ ዘመን ታወጁ፣ የሃይማኖትና የመንግሥት መለያየትም በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 ሰፈረ። አንቀጹ ከወጣ ወዲህም መስጊድም ቤተ ክርስቲያንም ተቃጥሏል። እንዲህ ባለው ቀን ክርስቲያኑ ባለሥልጣን ከመስጊዱ ደጃፍ፣ ሙስሊሙ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ፣ የገዛ ወገኑ እየተቆጣው እንኳ ቀድሞ ሲደርስ ማየት እፈልጋለሁ።